ንግድና ሕግ በአንድ ዲግሪ፦ ሕንድ ልሂድ ወይስ ስድስት ኪሎ ልግባ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና አልፌያለሁ። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ነበርኩ። ሒሳብ አያያዝ በጣም እወዳለሁ። አባቴ ደግሞ ጠበቃ እንድሆንለት ይፈልጋል። ሕንድ የሚኖረው አጎቴ ንግድና ሕግን አጣምሮ በ5 ዓመት የሚያስተምር ፕሮግራም አግኝቶልኛል፤ ክፍያውንም እኔ እችላለሁ ብሏል። እናቴ ግን "እዚሁ ሁኚ" ትላለች። እርስዎ ሁለቱንም ተምረዋል ሲባል ሰምቻለሁ። አጣምሬ ብማር ያዋጣኛል? ወይስ ከሁለት ያጣ ጎመን እሆናለሁ?
ሐ.፣ ከፒያሳ

መልስ፦ የሰማሽው እውነት ነው፣ ልጄ። ሁለቱንም ተምሬያለሁ። ግን አንዱን ጨርሼ ነው ሌላውን የጀመርኩት። ሰንጋ ተራ ካለው ኮሜርስ በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ የያዝኩት በ1987 ነው። ከዚያ እዚያው አንቺ ሰፈር፣ ፒያሳ፣ አንድ አስመጪ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ሆንኩ። ሕግን የጀመርኩት ቆይቼ፣ በማታው ክፍለ ጊዜ ነው።

ከሥራ የምወጣው 11 ሰዓት ነው። ክፍል የሚጀምረው 11፡30። በአራት ኪሎ አድርጎ ስድስት ኪሎ የሚሄድ ታክሲ በዚያ ሰዓት እንዴት እንደሚገኝ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ያኔም እንዲሁ ነበር። ካጣሁ በእግሬ ሽቅብ። ቦርሳዬ ውስጥ ግማሹ የመሥሪያ ቤቱ ቫውቸር፣ ግማሹ የውል ሕግ ፎቶ ኮፒ ነው። አንድ ቀን ለመምህሬ የቤት ሥራ ሳስረክብ የጥቃቅን ወጪ ቫውቸር ተቀላቅሎ ገባ። በሳምንቱ በቀይ እስክሪብቶ "ይኼኛው ተፈርሞበታል፣ የቤት ሥራሽ ግን ስም እንኳ የለውም" ተብሎ ተመለሰልኝ። 6 ዓመት እንዲህ ሄደ። ስለዚህ አጎትሽ "በ5 ዓመት ሁለቱንም" ሲልሽ ለምን ልብሽ እንደተነሳ ይገባኛል። የኔም ይነሳ ነበር።

መጀመሪያ ሁለቱን ማወቅ ምን ይጠቅማል የሚለውን በአንድ ነገር ላሳይሽ። ልደታ ፍርድ ቤት ነው። የአንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አባል "ትርፌን አልሰጡኝም" ብሎ ከሷል። እኔ ለማኅበሩ ቆሜያለሁ። የከሳሽ ጠበቃ፣ ጎበዝ ሰው ነው፣ የእግድ አቤቱታ አቀረበ። ምን ይታገድልኝ አለ መሰለሽ? "በሒሳብ መግለጫው ላይ የሚታየው የተጠራቀመ ትርፍ።" ባንክ ቤት የተቀመጠ ገንዘብ መስሎታል! የተጠራቀመ ትርፍ እኮ ቁጥር ነው። ማኅበሩ ካተረፈው ውስጥ ለአባላት ያልተከፋፈለው ስንት እንደሆነ ይነግርሻል፤ ገንዘቡ አሁን የት እንዳለ አይነግርሽም። በዚያ ማኅበር ትርፉ ሴራሚክ ሆኖ መጋዘን ውስጥ ተደርድሯል፤ የቀረው በዱቤ ደንበኞች እጅ ነው። የባንክ ሒሳቡ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ዳኛው ገጹን ገልብጠው "ታዲያ ምኑን ነው የማግደው?" ሲሉ ጠበቃው ዝም አለ። ያን ቀን ያገዘኝ የሕግ ዲግሪዬ ሳይሆን የሰንጋ ተራው ዲፕሎማ ነው።

የሒሳብ ሰዎችም ቢሆኑ ከጉድ አልዳኑም። 12 ዓመት የሞላው ዕዳ "ተሰብሳቢ" ተብሎ በየዓመቱ ሲገለበጥ አይቻለሁ። ድምሩ ልክ ነው፤ ሳንቲም አትጎድልም። ግን በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1845 ከውል የሚመነጭ ጥያቄ፣ በሕግ ሌላ ጊዜ ካልተወሰነለት፣ በ10 ዓመት ይርጋ፣ ማለትም በክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደብ፣ ይታገዳል። ባለዕዳው ይርጋን ካነሳ አለቀ።

ስለዚህ ሁለቱን ማወቅ ያዋጣል ወይ ላልሽው፣ አዎ። አጣምሮ የሚያስተምር ፕሮግራምም አዲስ ነገር አይደለም። በሕንድ ንግድና ሕግን ያጣመረው የ5 ዓመት ዲግሪ የታወቀ ነው። በአውስትራሊያም ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱን ለየብቻ ከመማር በጣም ባጠረ ጊዜ ያስጨርሳሉ። ስሙን ብቻ አይተሽ ግን አትመዝገቢ። ለምሳሌ በደቡብ አፍሪካ "ንግድ በሕግ" የሚባለው የ3 ዓመት ዲግሪ የንግድ ዲግሪ ነው፤ በእሱ ብቻ ጠበቃ አትሆኚም፣ የሕግ ዲግሪውን ጨምረሽ መማር አለብሽ። ሳያነቡ የሚመዘገቡ ብዙ ናቸው።

ወደ አንቺ ልምጣ። እኔን የሚያሳስበኝ የሕጉ ግማሽ ነው። ሒሳብ አያያዝ ከአገር አገር ይሄዳል። ዴቢት ሙምባይም ፒያሳም ዴቢት ነው፤ ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ እኛም ተቀብለነዋል። ሕግ ግን እንዲህ አይደለም። ሕንድ ስትሄጂ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1872 ያወጡትን የውል ሕግ ትማሪያለሽ። የዚያ አገር ሕግ መሠረቱ እንግሊዛዊ ነው፤ የፍርድ ቤት ውሳኔ እያነበብሽ ታድጊያለሽ። የኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ አርቅቆት በ1952 የወጣ ነው። የንግድ ሕጋችንም በዚያው ዓመት ወጥቶ፣ አሁን በከፊል በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክቷል። በአዲሱ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይችላል፤ በድሮው ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። በሙምባይ ክፍል ውስጥ ይህን የሚነግርሽ የለም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ችሎት ውሳኔዎች አሉልሽ ደግሞ፤ እኛም ጋ የሥር ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድዱ ናቸው፣ ያለ እነሱ ልደታ አትገቢም። ባጭሩ የንግዱ ግማሽ በሻንጣሽ ይመጣል፣ ከሕጉ ግማሽ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። የውጭ ዲግሪውን እኩያነት ለማረጋገጥም ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዘንድ መመላለስ አለ።

እዚያው ሕንድ ወይም ሌላ አገር የመሥራት ሐሳብ ካለሽ ነገሩ ይለያል፤ ሂጂ። ግን አባትሽ የሚፈልገው እዚህ ችሎት የምትቆም ጠበቃ ከሆነ፣ እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ሕጉን እዚህ በቀን እማር ነበር። 5 ዓመት ነው። ስድስት ኪሎ ከገባሽ ደግሞ ከፒያሳ ቅርብ ነው፤ እናትሽም ደስ ይላታል። ሒሳቡን እንዳትተዪው። በማታ ዲግሪ መያዝ ትችያለሽ፤ ያ ግን ሁለት የመውጫ ፈተና ማለት ነው፣ ከ2015 ጀምሮ ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ግዴታ ነው። ወይም ኤሲሲኤ የሚባለው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫ አለልሽ። 13 ፈተና ነው፣ ከዚያ ላይ 3 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ቀላል ነው አልልሽም። ግን ከሥራ ጋር እየገፋሽ የምትጨርሺው ነው፣ ከፈተናዎቹም አንዱ የኩባንያና የንግድ ሕግ ነው፤ እሱ ላይ አትቸገሪም።

አጎትሽን አታስከፊው። ለክፍያ ያሰበውን ለኤሲሲኤ መመዝገቢያና ለፈተና ቢያደርገው ምን ይለዋል? ጠይቂው፤ ለእሱም ኪስ ይቀለዋል ብዬ እገምታለሁ።

አንድ ነገር ግን ቀድመሽ አድርጊ። የፕሮግራሙን የ5 ዓመት የኮርስ ዝርዝር እንዲልክልሽ ንገሪው። እርሳስ ያዢና የሕንድ ሕግ የሆነውን ሁሉ አስምሪበት፦ የሕንድ ሕገ መንግሥት፣ የሕንድ ወንጀል ሕግ፣ የሕንድ ኩባንያ ሕግ፣ የሕንድ ግብር። ያልተሰመረባቸውን ቁጠሪና ስንት እንደሆኑ ጻፊልኝ። ከዚያ እንነጋገራለን።