ጥያቄና መልስ፦ የፓይኒያል እጢ አሠራርና ነርቮቿ

ከሕክምና፣ ከእንስሳት ሕክምና እና ከባዮሎጂ ተማሪዎች ስለ ፓይኒያል እጢ (ሌሊት ሜላቶኒን የተባለውን ሆርሞን ስለምታመርተው ትንሽ የአንጎል እጢ) ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች።

ጥያቄ፦ እጢዋ በትክክል የት ነው የምትገኘው? አንዱ ሥዕል ጥልቅ ውስጥ፣ ሌላው ከራስ ቅል ሥር ያሳያታል።

መልስ፦ ሥዕሎቹ የተለያዩ እንስሳት ስለሆኑ ሁለቱም ልክ ናቸው። በሰው ከሦስተኛው ቬንትሪክል (በአንጎል መሐል ያለ ፈሳሽ የሞላው ክፍተት) ጣሪያ የኋላ ጫፍ ትነሳና ወደ ኋላ ዘንበል ብላ በሁለቱ የላይኛው ኮሊኩለስ ጉብታዎች መካከል ትተኛለች። ርዝመቷ ከ5 እስከ 8 ሚሊሜትር፣ ክብደቷ ከ100 እስከ 180 ሚሊግራም አካባቢ ነው። ግንዷ ሁለት ቅጠል አለው፤ በላይኛው የሀቤኑላ፣ በታችኛው የኋላ ኮሚሹር (ግራና ቀኝ አንጎልን የሚያገናኙ የነርቭ ክሮች) ያልፋል። በላብራቶሪ አይጥ ግን ዋናው ክፍል ትላልቅ የደም መላሾች በሚገናኙበት ቦታ ከራስ ቅሉ ሥር ተለጥፎ፣ በቀጭን ግንድ ከጥልቁ ክፍል ጋር ይያያዛል። ስለዚህ የአይጥ ራስ ቅል ስትከፍቱ እጢዋ ከአጥንቱ ጋር ተነቅላ ልትሄድ ትችላለች። አንጎሉ ላይ ካጣችኋት የተነሳውን አጥንት ገልብጣችሁ እዩ።

ጥያቄ፦ የበግ አንጎል ላይ ሦስት ጊዜ ፈልገን አጣናት። ምን እያጠፋን ነው?

መልስ፦ ሽፋኑን በወረንጦ ስባችሁት ይሆናል። በላይዋ የሚያልፈው ትልቁ የአንጎል ደም መላሽና ስሱ ሽፋን ይዘዋት ስለሚወጡ፣ መሳብ እሷንም መንቀል ነው። አንጎሉን 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ቢያንስ አንድ ሳምንት አቆዩት፤ ያልጠነከረ አንጎል ይቀደዳል። ከዚያ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ሴሬቤለሙን (የኋለኛውን ትንሽ አንጎል) በአውራ ጣት ቀስ ብላችሁ ወደ ታች አጥፉት። በመካከል የሚወጠሩትን ክሮች በትንሽ መቀስ ቁረጡ፣ አትጎትቱ። አራት ጉብታዎች ይታያሉ። ከፊተኞቹ ሁለቱ መሐል የተቀመጠችው አተር የምታህል ነገር እሷ ናት። ለሁለት መክፈል ከፈለጋችሁ ረጅም ቢላ ይዛችሁ መሐል ለመሐል በአንድ ጊዜ ቁረጡ፤ ወዲያ ወዲህ መገዝገዝ ግንዱን ያደቅቀዋል።

ጥያቄ፦ ውስጧ ምን ዓይነት ሕዋስ አለ?

መልስ፦ አብዛኛው፣ 95 በመቶ ያህሉ፣ ሜላቶኒን የሚሠራው ፓይኒያሎሳይት ነው። የቀረው በዋናነት አስትሮሳይት (የአንጎል ደጋፊ ሕዋስ) የሚመስል ደጋፊ ሕዋስ ነው። ፓይኒያሎሳይት ከዓይን ብርሃን ተቀባይ ሕዋስ ጋር ዝምድና አለው፤ ሬቲና (የዓይን ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ውስጥ ያሉት ሲናፕቲክ ሪበኖች፣ ማለትም በሕዋስ መገናኛ ላይ ያሉ ጥብጣብ መሰል አካላት፣ እዚህም ይገኛሉ። ሜላቶኒን ተጠራቅሞ አይቀመጥም፤ እንደተሠራ ወደ ደም ያልፋል። ደም ላይ የምንለካው መጠን የምርቱን ፍጥነት የሚያሳየንም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ «ሦስተኛ ዓይን» ትባላለች። ብርሃን ታያለች?

መልስ፦ የዓሣ፣ የእንቁራሪትና የአንዳንድ እንሽላሊቶች ታያለች። የአጥቢ እንስሳት እጢ ግን ራሷ አታይም፤ የብርሃን ወሬ የሚደርሳት በነርቭ ነው፣ ያውም እጅግ ዞሮ። ሬቲና ውስጥ ሜላኖፕሲን (ብርሃን የሚቀበል ቀለም) ካላቸው ሕዋሳት ተነስቶ፣ ከዓይን ነርቮች መሻገሪያ በላይ ወዳለው ሱፕራካያዝማቲክ ኑክሊየስ (የነርቭ ሕዋሳት ስብስብ) ይሄዳል። የሰውነት ሰዓት የሚባለው ይህ ነው። ቀጥሎ ፓራቬንትሪኩላር ኑክሊየስ፤ ከዚያ ቁልቁል በአንጎል ግንድ አልፎ የሕብለ ሰረሰሩ የላይኛ የደረት ክፍል ድረስ። እዚያ ከሕብለ ሰረሰር ይወጣና ሽቅብ ተመልሶ የላይኛው የአንገት ጋንግሊዮን (ከአንጎልና ከሕብለ ሰረሰር ውጭ ያለ የነርቭ ሕዋሳት ቋጠሮ) ይደርሳል። በመጨረሻ ከውስጠኛው ካሮቲድ ደም ወሳጅ ጋር ራስ ቅል ውስጥ ገብቶ ነርቪ ኮናሪ በሚባሉት ክሮች እጢዋን ያገኛል። ሌሊት እነዚህ ክሮች ኖርአድሬናሊን የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ ኬሚካል ይለቃሉ፤ ሜላቶኒን የሚያስመርተውም እሱ ነው፤ ቀን ሰዓቱ መንገዱን ይዘጋዋል። ሥዕሉን ከመሸምደድ ይልቅ «እዚህ ቢቆረጥስ?» እያሉ ማጥናት ይሻላል።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ቢቆረጥስ?

መልስ፦ አንገት ላይ ሕብለ ሰረሰሩ ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ ሰው የሌሊቱ የሜላቶኒን ጭማሪ ይጠፋበታል፤ ጉዳቱ ከመውጫው በታች፣ ዝቅ ብሎ ደረት ላይ ከሆነ ግን ይቀጥላል። ብርሃን ፈጽሞ የማያይ ዓይነ ስውር ምርቱ አይቆምም፤ ሰዓቱ ግን ከቀኑ ጋር ሳይገጥም በየዕለቱ ሊንሸራተት ይችላል። ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል የተባሉት የልብና የደም ግፊት መድኃኒቶች ኖርአድሬናሊን የሚቀበሉትን የቤታ ተቀባዮች ስለሚዘጉ ምርቱን ይቀንሳሉ። ሜላቶኒን ለመለካት ምራቅ ስትሰበስቡ ሰውየው እነዚህን መድኃኒቶች ይወስድ እንደሆነ መጠየቅ አትርሱ። ከተለመደው የመኝታ ሰዓት 5 ሰዓት ያህል ቀድማችሁ በየ30 ደቂቃው ወይም በየሰዓቱ ውሰዱ፤ መብራቱ ከ10 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) በታች ይሁን። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ደማቅ መብራት ያበራ ሰው ውጤቱን ያበላሸዋል።

ጥያቄ፦ ሌላ ነርቭ የላትም?

መልስ፦ አላት። ከፕተሪጎፓላታይን ጋንግሊዮን ፓራሲምፓቴቲክ ክሮች (ያለ ፈቃዳችን ከሚሠራው የነርቭ ሥርዓት አንዱ ክፍል)፣ ከትራይጀሚናል ጋንግሊዮን የስሜት ክሮች፣ በግንዷም በኩል ከአንጎል የሚገቡ ክሮች አሉ። ብዛታቸው ከእንስሳ እንስሳ ይለያያል፤ የአይጥን ግኝት በቀጥታ ለሰው መስጠት ስህተት ነው። ነገር ግን ሁለቱም የላይኛ የአንገት ጋንግሊዮኖች ሲወጡ የቀንና ሌሊቱ ዑደት ይጠፋል፤ እነዚህ ሌሎች ክሮች አይተኩትም።

ጥያቄ፦ ሲ57ብላክ6 የተባለ የላብራቶሪ ዝርያ አይጦች ላይ ሜላቶኒን ለክተን ምንም አላገኘንም።

መልስ፦ መለኪያችሁን አትጠራጠሩ። ይህ ዝርያ በሜላቶኒን ሥሪት ኢንዛይሞቹ ላይ የዘር ጉድለት አለበት። ሲ3ኤች የተባለውን ዝርያ ተጠቀሙ፤ ግን ብዙዎቹ የሬቲና መበስበስ ጂን ስለሚይዙ የብርሃን ሙከራ ላይ አስቡበት።

ጥያቄ፦ ሲቲ ስካን ላይ «ፓይኒያል እጢው ካልሲየም አለው» ተባለ። በሽታ ነው?

መልስ፦ በአዋቂ ሰው በጣም የተለመደ ነው። ከ1 ሴንቲሜትር በላይ ከሆነ ወይም በትንሽ ልጅ ከታየ ግን ሐኪም ሊከታተለው ይገባል። እጢዋ ስታብጥ ከሥሯ ያለውን የፈሳሽ ቦይ ትዘጋና ራስ ምታትና ማስታወክ ያመጣል፤ በሽተኛው ዓይኑን ወደ ላይ ማንሳት ያቅተዋል።

ጥያቄ፦ የአውሮፓ በግ በወቅት ብቻ ሲራባ፣ የእኛ ለምን ዓመቱን ሙሉ?

መልስ፦ ሜላቶኒን የሌሊቱን ርዝመት ይነግራል። በሰሜን አውሮፓ የበጋና የክረምት ሌሊት በብዙ ሰዓት ይለያያሉ፤ የበጓ አንጎል የሚራባበትን ወቅት ከዚያ ያነባል። አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት 1 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ምልክቱ ደካማ ነው። እዚህ ይበልጥ የሚወስነው ሣርና ዝናብ ነው።