በሆስፒታል በር ላይ ስም ለማስፈር ለምትለፉ ልጆች

«የሆስፒታል ስም መቀየር ሰሌዳ ነቅሎ ሰሌዳ ከመትከል በምን ይለያል?» ብሎ አንድ ወጣት ጠየቀ። ጥያቄው የቆየ ቁጭት ይቀሰቅሳል፤ የሚገባው ክብር ወረቀት ስላልተሟላለት ብቻ ሲቀር ያንገበግባልና።

በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል በራሱ ፈቃድ ስሙን አይለውጥም። የአገሪቱ ሕግ፣ ርዕስ 38 ክፍል 531፣ ሆስፒታሉ በሚገኝበት አካባቢ ስም ብቻ እንዲጠራ ያዛል። አንዱን ክንፍ ወይም ፎቅ እንኳ በሰው ስም ለመሰየም ኮንግረስ ሕግ ማውጣት አለበት። ስለዚህ እናንተ የዛሬ ልጆች የምትወዱትን የኢንተርኔት ፊርማ ለጊዜው ተዉት፤ ስንት ሺህ ቢሰበሰብ እምቢ ያለ አንድ እንደራሴን አይተካም። በተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ሲሠራበት በኖረው ደንብ የክፍለ ግዛቱ እንደራሴዎች አንድ ሳይቀር ድጋፋቸውን በጽሑፍ ይሰጣሉ። በአገር አቀፍ ደረጃ 500,000 እና ከዚያ በላይ አባላት ያሏቸው፣ ኮንግረስ ቻርተር (በሕግ የተሰጠ እውቅና) የሰጣቸው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት የክፍለ ግዛቱ ቅርንጫፎችም የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፋሉ። ተሰያሚው ደግሞ በሕይወት የሌለ መሆን አለበት።

ይህ የመጨረሻው ነው የሚከነክነው። ቺካጎ ያደጉት ጄሲ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1965 በቬትናም ቆስለው ቀኝ እጃቸው ሽባ ሆነ። ከዚያ ለአካል ጉዳተኛ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ለረጅም ዓመታት ሠሩ። ከ1993 እስከ 1997 እነዚህን ሆስፒታሎች የሚያስተዳድረው የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ሚኒስትር ነበሩ። በ2002 አረፉ፤ ዌስት ሳይድ ይባል የነበረው የቺካጎ ሆስፒታል በስማቸው የተሰየመው ከዚያ ወዲህ ነው። በጦርነት ቆስሎ፣ ለቆሰሉት ተከራክሮ፣ መሥሪያ ቤቱን የመራ ሰው ስሙን በሩ ላይ ሳያነብ ቀረ። ደንቡ ግን ከንቱ አይደለም፤ በሥልጣን ላይ ያለ ሰው ስሙን በገዛ ድምፁ እንዳያሰቅል ይከለክላል። ደግሞም ሁልጊዜ አጥር አልሆነም፦ የሂዩስተኑ ሆስፒታል በቀዶ ሐኪሙ ማይክል ዴቤኪ ስም የተሰየመው እሳቸው በሕይወት ሳሉ ነበር።

ረቂቁ ሲጻፍ ሁለት አንቀጽ ይበቃል። አንደኛው አዲሱን ስም ይደነግጋል። ሁለተኛው፣ ጀማሪ የሚዘነጋው፣ በማንኛውም ሕግ፣ ደንብ፣ ካርታና ሰነድ ላይ ያለው አሮጌ ስም አዲሱን እንደሚያመለክት ይናገራል፤ እሱ ከሌለ የቀደሙት ሰነዶች ሁሉ የሚጠሩት የተሻረውን ስም ይሆናል። የከተማውን ስም ከረቂቁ አታውጡ፤ የስሙ ለውጥ ያልተነገረው ሕመምተኛ ሆስፒታሉን የሚፈልገው በከተማው ስም ነው።

እንዲህ ያለ ረቂቅ በተወካዮች ምክር ቤት ብዙውን ጊዜ የሚያልፈው በአጭሩ መንገድ ነው፦ የ40 ደቂቃ ክርክርና የሁለት ሦስተኛ ድምፅ። በሴኔት ተቃዋሚ ከሌለ በስምምነት ያልፋል። ኮንግረሱ ሁለት ዓመቱን ሲጨርስ ያልጸደቀው ይወድቃል፤ እንደገና መቅረብ አለበት። ስለዚህ ደብዳቤዎቹን ረቂቁ ከመቅረቡ በፊት ሰብስቡ። የሟቹን ስም አጻጻፍም፣ የመካከለኛውን ፊደል ጭምር፣ ከቤተሰቡ አረጋግጡ፤ ከጸደቀ በኋላ አንዲት ፊደል ለማረም ሌላ ሕግ ሊጠይቅ ይችላል።