የሕግ ምክር፦ ያልቆጠርሽውን አትፈርሚ

ጥያቄ፦ «ጅማ የምማር የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ለኢንተርንሺፕ በአጂፕ አካባቢ ሕንፃ ወደሚሠራ ተቋራጭ ተመድቤ አምስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። እስካሁን ሥራዬ ፎቶ ኮፒ ማመላለስ፣ ለኃላፊዎች ቡና ማስመጣትና ግምጃ ቤት መቀመጥ ነው። ሄልሜት አልተሰጠኝም። ክፍያ ስጠይቅ ‹ተማሪ ነሽ› አሉኝ፤ ካማረርኩም የግምገማ ቅጼን እንደማይሞሉልኝ ነገሩኝ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ በማይኖርበት ጊዜ የሚገባውን ሲሚንቶ ፈርሜ የምረከበውም እኔ ነኝ። መብቴ ምንድን ነው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንቺን ያስጨነቀሽ ክፍያው ነው፤ እኔን ያስደነገጠኝ ግን መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ያለፍሽው የሲሚንቶ ፊርማ ነው። ከእሱ ልጀምር።

መኪናው አመሻሽ ላይ ይደርሳል። ዝናብ አንዣቧል፣ ሾፌሩ ቸኩሏል፣ የጫኝና አውራጆቹ ጫጫታ ያደናግራል። ወረቀቱ 400 ኩንታል ይላል፤ የወረደው 380 ሊሆን ይችላል። «ተረካቢ» ከሚለው ቃል አጠገብ ስትፈርሚ 400 ኩንታል በእጄ ገብቷል ማለትሽ ነው። ከወራት በኋላ ቆጠራ ተደርጎ ጉድለት ሲገኝ ከመዝገብ የሚወጣው ያ ወረቀት ነው፤ ስሙም ያንቺ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2005 የተፈረመ ሰነድ በፈራሚዎቹ መካከል ስለያዘው ስምምነትና ስለ ቀኑ ሙሉ ማስረጃ እንደሚሆን ይደነግጋል። «ተማሪ ነበርኩ፣ ፈርሚ ተብዬ ነው» ብትዪ ፍርድ ቤት ይሰማሻል፤ ይህን የሚመሰክርልሽ ሰው ግን ያን ጊዜ ከየት ታመጫለሽ? ነገሩ ወደ ሐሰተኛ ሰነድ ክስ ከዞረ ደግሞ ከገንዘብም ያልፋል።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ «የመረከብ ኃላፊነት በጽሑፍ አልተሰጠኝም» በይና አትፈርሚ። መቁጠር ትችያለሽ፤ ቁጠሪ፣ በራስሽ ደብተር ላይም መዝግቢ። ቀድሞ ለፈረምሽው ደግሞ ዛሬ ማታ ተቀመጪና የምታስታውሺውን ሁሉ ጻፊ፦ ቀኑን፣ የመኪናውን ሰሌዳ፣ መጠኑን፣ ፈርሚ ያለሽን ሰው። አንድ ቅጂ ለዩኒቨርሲቲ አማካሪሽ ስጪና የተቀበለበትን ቀን ያንቺው ቅጂ ላይ አስፈርሚው። ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ጣጣ ይዞ ቢሮዬ የመጣ ወጣት ነበር። ያዳነው ጠርዙ በዝናብ የረጠበ አንድ የተማሪ ደብተር ነው፤ የወረደውን ከረጢት አምስት አምስት እያደረገ በጭረት መዝግቦበት ነበር።

ወደ ክፍያው ልምጣ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 3 ለትምህርት ወይም ለሥልጠና ሲባል የሚደረጉ ውሎችን፣ ከሙያ ልምምድ ውል (አሠሪው ራሱ ሙያ ሊያስተምረው ከተለማማጅ ጋር ከሚዋዋለው) በስተቀር፣ ከወሰኑ ውጭ ያደርጋቸዋል። የዲግሪሽ አካል ሆኖ በዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ የወጣሽበት ልምምድ በአብዛኛው የሚያርፈው ከአዋጁ ወሰን ውጭ ነው። ድርጅቱ የትራንስፖርት ወይም የምሳ አበል እሰጣለሁ ብሎ ካልተስማማ በቀር ደመወዝ ለመጠየቅ የሕግ መሠረትሽ ደካማ ነው። ይህን ስነግርሽ ደስ እያለኝ አይደለም። የልምምዱ ጊዜ አብቅቶ «ቆይተሽ ሥሪልን» ካሉሽና በክፍያ ከተስማማችሁ ግን ነገሩ ይለወጣል። የሥራ ውል በቃልም ይቋቋማል፤ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ዝርዝር በጽሑፍ ሊሰጥሽ ይገባል። የሙከራ ጊዜ ቢባል እንኳ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ ደመወዝም ይከፈልበታል።

ሄልሜት ሳይሰጥሽ ፌሮ ወደሚታሰርበት ወለል አትውጪ። አዋጁ የደህንነት መሣሪያ የማቅረብ ግዴታ የጣለው ለሠራተኞች ነው ብለው ቢከራከሩሽ፣ በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው እንዲክስ የሚያስገድደው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2028 ተማሪና ሠራተኛ አይለይም። ለልምምድ የወጡ ተማሪዎች ኢንሹራንስ እንዳላቸውም አማካሪሽን ዛሬውኑ ጠይቂ።

ጅማ ተማሪን ለተግባር ትምህርት ማሰማራት የቆየ ልምዷ ነው። የጤና ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ አጋሮ፣ ሰርቦ፣ አሰንዳቦና ሸቤ ሲወጡ ኖረዋል። ወጥቶ መማር ማለት ምን እንደሆነ ከተማው ያውቃል። ያንቺም ትምህርት ፕላን ማንበብ፣ አርማታ ከመፍሰሱ በፊት የፌሮውን ርቀት መለካት፣ የተሠራውን ሥራ መጠን ማስላት ነው። በቡና አገር ቡና ማስመጣት ነውር የለውም። ነገር ግን አብረውሽ የተመደቡ ወንዶች ተማሪዎች ካሉ፣ እነሱም ቡና ያስመጣሉ? መልሱ «አይ» ከሆነ ለአማካሪሽ በምትጽፊው ደብዳቤ ውስጥ ይህንንም አስገቢው።

ግምገማውን አንሞላም የሚለው ማስፈራሪያ አቅም የሚያገኘው ዝም ካልሽ ነው። ድርጅቱ ሊያስተምርሽ ተስማምቶ ከዩኒቨርሲቲው ተቀብሎሻል፤ የዋልሽበትንም መሙላት አለበት። አሁን አምስተኛው ሳምንት ላይ ነሽ፤ አማካሪሽ መጥቶ ቦታውን ለማየትም ሆነ ወደ ሌላ ድርጅት ለማዛወር ጊዜ አለው። ውጤት ከተላለፈ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታን ግን ብዙ ሰው እንደ ሰበብ ነው የሚያየው። የምደባ ደብዳቤሽን፣ በየቀኑ የሠራሽውን የመዘገብሽበትን ደብተርና የመገኛ ፊርማሽን ቅጂ አንድ ላይ አኑሪ።

ድርጅቱ እስከዚያው «ጉድለት አለ፣ ይህችን ወረቀት ፈርሚልን» ቢልሽ፣ ወረቀቷን ፎቶ አንሺና ከመፈረምሽ በፊት ለጠበቃ አሳዪ።