አርክቴክቷ፣ ሠዓሊው፣ የሒሳብ ባለሙያዋና አንቺ፦ ለትንሽ አማካሪ ቡድን የሙያ ታሪክ ሲጻፍ

ጥያቄ፦ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኮምፒውተር ሳይንስ ተመረቅሁ። ከጥቅምት 2017 እስከ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. በአንድ የብድርና ቁጠባ ማኅበር የ1,400 አባላትን መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር በማዛወር ሠርቻለሁ። የመመዝገቢያ ቅጹን በፊግማ (በስክሪን ንድፍ መሥሪያ ፕሮግራም) የነደፍኩትም በኮድ የሠራሁትም እኔ ነኝ። አሁን ስታዲየም አካባቢ ቢሮ ያለው፣ ስድስት አባላት ያሉት የቴክኖሎጂና የዲዛይን አማካሪ ቡድን ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል። ከዚያ በፊት የሙያ ታሪኬን በአንድ አንቀጽ ጽፌ እንድልክና ሲቪዬን ለአንድ ጨረታ እንድሰጣቸው ጠይቀውኛል። የአባላቱን ማስተዋወቂያ ሳነብ አንዷ አርክቴክት፣ አንዱ ኤሌክትሪካል መሐንዲስ፣ አንዱ ሠዓሊ፣ አንዷ የሒሳብ ባለሙያ፣ ሁለቱ ደግሞ ፕሮግራመሮች ናቸው። እኔ በእነዚህ መካከል ምን ብዬ ልጻፍ? ሲቪውንስ ልስጣቸው? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ እህታችን፣ ያነበብሽው ማስተዋወቂያ ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም። አማካሪ ቡድን መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጠው ዕቃ የለውም፤ የሚሸጠው የሰዎቹን እውቀትና ጊዜ ነው። ደንበኛውም ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሚያየው ማን ምን ሠርቶ እንደመጣ ነው። ያንቺም አንቀጽ እዚያው ዝርዝር ውስጥ ሊገባ ስለሆነ፣ ከመጻፍሽ በፊት የእነሱን እንደገና በእርጋታ አንብቢ።

አርክቴክት የትምህርት ዘመኑን የሚያሳልፈው በስቱዲዮ ነው። ሰው ቦታን እንዴት እንደሚጠቀም ማስተዋልን፣ የደንበኛን ፍላጎት ወደ ንድፍ መለወጥን፣ ሥራውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ትችት መቀበልን የሚማረው እዚያ ነው። በትንሽ ቡድን ውስጥ ደንበኛ የሚያነጋግረውና የሥራውን ቅደም ተከተል የሚይዘው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው ነው። ኤሌክትሪካል መሐንዲሱ ስለ መሣሪያና ስለ ኔትወርክ፣ እንዲሁም መብራት ሲጠፋ መረጃው ምን እንደሚሆን ያስባል። ሠዓሊው ከቀለምና ከቅርጽ ጋር ኖሯል። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነት የለውም፤ ርዕስ ከተራ ጽሑፍ የሚለየው በመጠን፣ በውፍረትና በዙሪያው በሚተው ባዶ ቦታ ነው። ለዚህ የሠለጠነ ዓይን ያስፈልጋል። የሒሳብ ባለሙያዋ ዋጋ ታወጣለች፣ ውል ታነባለች፤ ገንዘብ ያዥ ቀኑን እንዴት እንደሚውልም ታውቃለች።

እንግዲህ አንቺ «ፕሮግራመር ነኝ» ብለሽ ከጀመርሽ ሦስተኛዋ ፕሮግራመር ትሆኛለሽ፤ ልምዳቸው ከሚበልጥ ከሁለቱ ጋርም ትወዳደሪያለሽ። ይልቅ በአምስቱ ሙያዎች መካከል ሜዳ ላይ የሚቀረው ሥራ የትኛው እንደሆነ ጠይቂ። እንዲህ ባለ ቡድን ብዙ ጊዜ ባለቤት የማይኖራቸው ሦስት ሥራዎች አሉ፦ ስክሪኑ ላይ የሚነበበውን አማርኛ መጻፍ፣ ቅጹን ከእውነተኛ ተጠቃሚ ጋር ቁጭ ብሎ መሞከር፣ ከርክክብ በኋላ ሠራተኞችን ማሠልጠን። የአንድ ዓመት ልምድሽ በቀጥታ እዚህ ላይ ያርፋል።

የአባላት መዝገብ በአማርኛ ያዛወረ ሰው የሚያውቀውን ነገር ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ቃል አላነሳሽውም። ከስም እንጀምር። ከውጭ የተቀዳ ቅጽ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ይዞ ይመጣል፤ እኛ ግን የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። አንዱ ጸሐፊ በሳጥኑ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም ሲሞላ አንድ አባል ሁለት ቦታ ይመዘገባል። በዚህ ላይ ሞክሼ ፊደላት አሉ። አባሉ «ኃይሉ» ብሎ ያስመዘገበውን ስም ሌላ ጸሐፊ «ሀይሉ» ብሎ ቢፈልገው ኮምፒውተሩ የለም ይላል፤ ጸሐፊውም እንደ አዲስ ይመዘግበዋል። መፍትሔው የአባሉን አጻጻፍ ሳይነኩ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል የተደበቀ ዓምድ ማዘጋጀት ነው፦ እዚያ ውስጥ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይመለሳሉ። «ሃ» እና «ሀ»ም መዋሃድ አለባቸው፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው።

የቀኑ ነገር ደግሞ ይብሳል። በፈረንጆች አቆጣጠር የተሠራ ቅጽ ጳጉሜን 3 ቀን የተወለደን ሰው አይቀበልም፤ 13ኛ ወር አያውቅም። ጥቅምት 30 ተብሎ 30/2 ሲገባም የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ይመልሰዋል። እነዚህ ቢያንስ ስህተት መኖሩን ያሳያሉ። አደገኛው የካቲት 30 ነው፦ 30/6 ሲጻፍ ቅጹ የፈረንጆቹ ጁን 30 ነው ብሎ ዝም ብሎ ይቀበለዋል፤ ስህተቱ የሚታየው ከወራት በኋላ የብድር መክፈያ ቀን ሲሰላ ነው። ከእነዚህ ችግሮች የትኛው እንደገጠመሽና እንዴት እንደፈታሽው አንቺ ታውቂያለሽ። አንቀጽሽ መቆም ያለበት በዚህ ላይ ነው።

«በቴክኖሎጂ ከፍተኛ ፍቅር ያላት፣ በቡድን መሥራት የምትችል፣ ችግር ፈቺ» የሚለውን ተይው፤ ማንም ሰው ስለራሱ ሊለው የሚችል ስለሆነ ማንንም አይለይም። እንዲህ ያለውን ሞክሪ፦

«በኮምፒውተር ሳይንስ በ2016 ዓ.ም. ተመርቃለች። በአንድ የብድርና ቁጠባ ማኅበር ለአንድ ዓመት ሠርታ የ1,400 አባላትን መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር አዛውራለች። የመመዝገቢያ ቅጹን በፊግማ ነድፋ በኮድ የሠራችው ራሷ ናት፤ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የሚሠራ የቀን መምረጫና ሞክሼ ፊደላትን የሚያቻችል የስም ፍለጋ አካታለች። የማኅበሩን ጸሐፊዎች አሠልጥናለች። የአማርኛ ቅጾችን ከተጠቃሚው ጋር እየሞከረች ታስተካክላለች።»

ከዚህ ውስጥ ያልሠራሽውን አውጪ፣ የሠራሽውን ጨምሪ። «ሠራሁ» እና «ሠራን» የሚሉትን ለይተሽ ያዥ። ቃለ መጠይቁ ላይ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚጣራው የአንቺ ድርሻ የትኛው እንደሆነ ነውና፣ ሰርቨሩን ሌላ ሰው አዘጋጅቶት ከሆነ ሳትጠየቂ ተናገሪው። ቁጥርም የምታስገቢው ከመዝገብ ማሳየት የምትችዪውን ብቻ ነው።

ሲቪሽ ላይ ሰውን በየጊዜው የሚጥል አንድ ጥቃቅን የሚመስል ነገር አለ፤ እሱም የዘመን አቆጣጠር ነው። ምረቃሽን በእ.ኤ.አ. 2024 ብለሽ ሥራሽን «2017–2018» ብቻ ብለሽ ብትጽፊ የውጭ አገር ገምጋሚ ትምህርትሽን ሳትጀምሪ የሠራሽ ይመስለዋል። ለአማርኛው ሲቪ ዓ.ም.፣ ለእንግሊዝኛው እ.ኤ.አ. ተጠቀሚ፤ ሁለቱን በአንድ ገጽ አታደባልቂ። ስትለውጪም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ይደመራል፦ ሐምሌ 2016 ጁላይ 2024 ነው፣ ጥቅምት 2017 ደግሞ ኦክቶበር 2024። የስምሽ የእንግሊዝኛ አጻጻፍም በዲግሪሽ፣ በመታወቂያሽና በሲቪሽ ላይ አንድ መሆን አለበት።

ወደ ጨረታው እንምጣ። ሲቪሽን መጠየቃቸው በራሱ ነውር የለውም። በጥራትና በዋጋ በሚወዳደሩ የአማካሪ ጨረታዎች ቴክኒካልና ፋይናንሻል ሰነዱ በየራሱ ፖስታ ይገባል፤ ነጥቡም ብዙ ጊዜ ለቴክኒካሉ 80 ለዋጋው 20፣ ወይም 70 ለ 30 ይከፈላል። በቴክኒካሉ ውስጥ የባለሙያዎች ሲቪ ጉልህ ነጥብ አለው። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ነው፦ «ዋና ባለሙያ» የሚባለው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የበርካታ ዓመት ልምድ ይጠይቃል፤ አንቺ ያለሽ አንድ ዓመት ነው። አንድ ሰው ቁጥሯን ትንሽ ከፍ ላድርጋት ብሎ ቢነካት በሰነዱ ላይ ያለው ፊርማ ያንቺ ነው። የዓለም ባንክ ገንዘብ በሚሰጥባቸው የአማካሪ ጨረታዎች የሲቪው ቅጽ መጨረሻ ላይ ባለሙያው የሚፈርምበት ማረጋገጫ አለ፤ ሐሰተኛ መግለጫ ከውድድር እስከ መሰረዝ፣ ከሥራ እስከ መሰናበትና በባንኩ እስከ መቀጣት ሊያደርስ እንደሚችል በግልጽ ይናገራል።

ስለዚህ ስጪ፣ ግን በሥርዓት። የትኛው ጨረታ እንደሆነ፣ በየትኛው የሥራ መደብ እንደሚያስገቡሽ፣ ሥራው ቢገኝ ከመቼ ጀምሮ ስንት ወር እንደሚቀጥሩሽ በኢሜይል እንዲጽፉልሽ ጠይቂ። በዎርድ የሚታረመውን ሳይሆን የጨረታው ስም የተጻፈበትንና የፈረምሽበትን ፒዲኤፍ ላኪ፤ እያንዳንዱን ገጽ ፈርሚ። ፊርማ ብቻ ያለበት ባዶ የመጨረሻ ገጽ በፍጹም እንዳትሰጪ። በጨረታው ቅጽ ገልብጠው ካዘጋጁትም ከመታሸጉ በፊት ይታየኝ በይ። ለዚያው ጨረታ ሌላ ድርጅት ቢጠይቅሽ እንቢ በይ፤ አንድ ሰው በሁለት ተወዳዳሪ ሰነድ ውስጥ ከተገኘ ሁለቱንም ሊያስጥል ይችላል። እነዚህን ስትጠይቂ የሚቆጣ ቡድን ካጋጠመሽ ሲቪሽን ብቻ እንጂ አንቺን እንዳልፈለገሽ ቁጠሪው። «መሥራት አይጠበቅብሽም፣ ስምሽ ብቻ ይግባ» ካሉሽ ደግሞ ያ ሲቪ ማከራየት ነው፤ አትግቢበት።

የምታሳዪውን ሥራ በኔትወርክ ላይ አትመኪ፤ ላፕቶፕሽ ላይ ጭነሽ፣ ሁለት ገጽ ደግሞ አትመሽ ሂጂ። የምታትሚውን ፒዲኤፍ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ከፍተሽ እዪው፤ ፎንቱ አብሮ ካልተካተተ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የማኅበሩን ቅጽ ለማሳየት ፈቃድ ጠይቂ፤ ከስክሪን ምስሎቹ ላይም የአባላቱን ስም፣ ስልክና የቁጠባ መጠን አጥፍተሽ በፈጠርሽው መረጃ ተኪው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ከአዋጁም በፊት ቢሆን የሰው ገንዘብ የሰው ምስጢር ነው፤ የማኅበሩን አባላት ገመና ያልጠበቀች ባለሙያ «የእኛን ደንበኛ ትጠብቃለች» ብሎ የሚያምን ቡድን አይኖርም።

በመጨረሻ እነሱን የምትጠይቂው፦ ሥራዬን የሚገመግመው ማን ነው? ክፍያው በወር ነው ወይስ ፕሮጀክት ሲገኝ? በቅጥር ከሆነ የሙከራ ጊዜው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም፤ በጽሑፍም መሆን አለበት። «ለስድስት ወር እንያት» የሚል ቃል ከሰማሽ ይህን በትሕትና አስታውሺ።

ከሁሉም አስቀድመሽ ግን ነገ ጠዋት ወደ ማኅበሩ ሂጂና የሥራ ልምድ ደብዳቤሽን ጠይቂ። የሥራ መደብሽ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራሽ፣ ደመወዝሽና የሥራ ግብር መከፈሉ ይጻፍበት፤ ግብሩ ካልተጠቀሰ ልምዱን የማይቆጥሩልሽ መሥሪያ ቤቶች አሉ። ፈራሚው መስክ ወጥቶ፣ ማኅተም ያዡ ፈቃድ ላይ ሆኖ ቀናት ሊወስድብሽ ይችላልና፣ አንቀጹን እየጠበቅሽ ጻፊው።