ስለ ዋልተር ዋይት ለተጣላችሁ ልጆች

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ደውላ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ብሬኪንግ ባድን አይተው ጨርሰዋል። ከዚያ ተጣሉ። የምር ተኮራርፈዋል። ግማሾቹ ዋልተር ዋይት ለቤተሰቡ ራሱን የሰዋ አባት ነው ባይ ናቸው። ሌሎቹ ሰው በላ ነው ይላሉ። "ጋሼ፣ ሁላችንም ያየነው አንድ ፊልም ነው። እንዴት ሁለት ሰው አየን?" አለችኝ።

በስልክ የሆነች ነገር መለስኩላት። ጥያቄው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ይህንን ጠብ አውቀዋለሁ። ድራማው ከመሠራቱ ብዙ ዓመት በፊት፣ ገና ወጣት ኦዲተር ሳለሁ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ እነዚሁኑ ቃላት ሰምቻለሁ። ስለዚህ ለእሷም፣ ለጓደኞቿም፣ ለእናንተም ልጻፍ ብዬ ተነሳሁ።

ድራማውን ያላያችሁ ታሪኩን እዘረግፋለሁና ይቅርታ። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2013 ኤኤምሲ በተባለው የአሜሪካ ጣቢያ የታየ፣ 62 ክፍል ያለው ተከታታይ ድራማ ነው። አልበከርኪ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አንድ የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህር አለ። ደሞዙ አይበቃውም። ከትምህርት በኋላ መኪና እጥበት ቤት ይሠራል። ሚስቱ እርጉዝ ናት፤ ልጁ በክራንች ነው የሚሄደው። የሳንባ ካንሰር አለብህ ይሉታል። ያኔ ጄሲ ከሚባል የቀድሞ ተማሪው ጋር ሆኖ ሜታምፌታሚን የተባለውን አደንዛዥ ዕፅ መሥራት ይጀምራል።

እኔ ዕድሜዬን በቁጥር ነው የጨረስኩት። ስለዚህ መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ቁጥሩ ነው። በሁለተኛው ሲዝን መጀመሪያ ላይ ዋልተር ለቤተሰቡ የሚያስፈልገውን ያሰላል። የልጆች ኮሌጅ፣ የቤት ዕዳ፣ የኑሮ ወጪ። 737 ሺህ ዶላር ይመጣለታል። መጨረሻ ላይ በረሃ ውስጥ በበርሜል የቀበረው ብር ግን ወደ 80 ሚሊዮን ዶላር ነው። የእናንተ ጠብ በሙሉ ያለው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ነው። የሚሟገትለት ሰው የመጀመሪያውን ቁጥር ይዞ ቀርቷል። የሚጠላው ሰው ሁለተኛውን ይዟል። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት።

አንዳንዶቻችሁ፣ በተለይ አሜሪካ ያላችሁት፣ "ጥፋቱ የኢንሹራንሱ ነው፤ ሕክምና ባይወደድ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር" ትላላችሁ። እውነት አለው። ግን አምስተኛው ክፍል ላይ የድሮ ባልደረቦቹ ግሬቸንና ኤሊየት ሥራ እንስጥህ፣ ሕክምናህንም እንሸፍናለን ብለውታል። እምቢ አለ። ከእነሱ ጋር ያቋቋመውን ድርጅት ድርሻ ድሮ በ5 ሺህ ዶላር ሸጦ ወጥቷል። ድርጅቱ በኋላ ቢሊዮኖች አወጣ። ሰውየው በየሳምንቱ ዋጋውን ያያል። እልኸኛ ሰው ነው። እኔ ያወቅሁትም ገንዘብ ያዥ እንደዚያ ነበር።

መሥሪያ ቤቱን አልጠራም። በየወሩ ከብዙ ደንበኞች ትንንሽ ክፍያ የሚሰበስብ ቦታ ነበር። ዋናው ገንዘብ ያዥ የተከበሩ ሰው ናቸው። ለዘበኛው ልጅ የትምህርት ቤት ይከፍላሉ፣ ለቅሶ ቤት ቀድመው ይገኛሉ፣ ለእኔ ለልጁ ኦዲተር እንኳ ሻይ አዝዘው ነው "ቁጭ በል" የሚሉኝ። ብር ሲቆጥሩ ማየት ያስደስት ነበር። ጣታቸው አይሳሳትም። ልጃቸው በልቡ ታሞ ውጭ አገር መታከም ነበረበት። ሠራተኛው ከደሞዙ አዋጥቶላቸዋል።

አንድ ቀን ከሒሳብ ክፍል አንዲት ወጣት ሁለት ወረቀት ይዛ መጣች። አንደኛው ደንበኛው ይዞት የሚሄደው በራሪ ደረሰኝ ነው። ሁለተኛው ጥራዙ ላይ የሚቀረው ቀሪ። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ስሙ አንድ ነው፣ ገንዘቡ ግን ይለያያል። በራሪው ላይ ያለው ከቀሪው ይበልጣል። በራሪውን ያመጡት አንዲት ሴትዮ ናቸው። "ውዝፍ አለብሽ" ተብለው ደረሰኛቸውን ከመቀነታቸው ጫፍ ፈትተው ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡላት።

ቀሪውን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አየሁት። በራሪው ላይ ሲጻፍ በመካከል በገባው ካርቦን ወረቀት ወደ ቀሪው ይተላለፋል፤ የካርቦን ጽሑፍ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ዳርና ዳሩ ደብዘዝ ይላል። ይህ ግን ጥርት ያለ የእስክሪብቶ ቀለም ነው። ካርቦኑ ወጥቷል ማለት ነው። በራሪው በእውነተኛው ገንዘብ ተጽፎ ለደንበኛው ተሰጠ፤ ቀሪው በኋላ ለብቻው ባነሰ ገንዘብ ተሞላ። ልዩነቱ ኪስ ገባ። ጥራዞቹን አንድ በአንድ እየገለበጥን ለየናቸው። ከዚያ ቀኖቻቸውን በተራ ጻፍኩ። ጥቂቶቹ ልጁ በታመመበት ጊዜ የተቆረጡ ናቸው። አብዛኞቹ ልጁ ድኖ፣ ትምህርት ቤት ከተመለሰ በኋላ ነው።

ነገሩ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። "ለልጁ ብሎ ነው" ይላል አንዱ። "ልጁ እኮ ድኗል" ይላል ሌላው። "ዕዳ ነበረበታ!" "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፣ ማን ያልበላ አለ?" ያቺን የቀን ዝርዝር ለጠየቀኝ ሁሉ አሳይቻለሁ። አንድም ሰው ሐሳቡን ሲቀይር አላየሁም። የወደዳቸው ሰው አብዛኞቹን ቀኖች አልፎ የመጀመሪያዎቹ ላይ ይቆማል። ያ ያልተጠበቀ ነገር ነበር ለእኔ። ቁጥር ሰውን ያሳምናል ብዬ ነበር ሙያውን የያዝኩት።

የሚገርማችሁ ግን ሰው ሁሉ የተናደደው በእሳቸው አልነበረም። በልጅቷ ነው። ባልደረባዋን እንደ ከሰሰች፣ ቤት እንዳፈረሰች፣ "ምን አገባት" ተባለች። ካፌ ስትገባ ጠረጴዛው ይጎድላል። ቡና ሲፈላ አትጠራም። ደረሰኛቸው ጠፍቶባቸው ሁለት ጊዜ የከፈሉት ደንበኞች ስም ግን በማንም አፍ አልተነሳም። ማንም አያውቃቸውማ። ወረፋ ላይ ቆመው ሄደዋል። ገንዘብ ያዡን ግን ሁሉም ያውቃቸዋል። ሐዘኑ ላይ ደርሰውለታል።

ሥራዬን ጨርሼ ልወጣ ስል ልጅቷ ኮሪደር ላይ ጠበቀችኝ። ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር። "እባክዎ፣ በራሳችን ፍተሻ ያገኘነው ነው ብለው ለሠራተኛው ይንገሩልኝ። አብሬያቸው መሥራት አቃተኝ" አለችኝ። ይህን ማለት እችል ነበር፤ ጥራዞቹን የለየሁት እኔ ነኝ። ውሸት አይሆንም። እኔ ግን "የእኔ ሥራ ሪፖርት ማቅረብ ነው" ብያት ሄድኩ። ሰውየው በእምነት ማጉደል ተከሰው ተፈረደባቸው። እሷም ብዙ ሳትቆይ ሥራውን ለቀቀች። የት እንደገባች አላውቅም። የሚቆጨኝ ይሄ ነው፤ እስከ ዛሬ።

አሁን ወደ ድራማው ልመለስ። የዋልተር ሚስት ስካይለር የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ይህን ብዙዎቻችሁ ልብ አትሉትም። ባሏ ሲዋሽ ቀድማ የጠረጠረችው እሷ ናት። ንጹሕ ሰው አይደለችም። የአለቃዋን ሒሳብ አበላሽታለች፣ ከእሱም ጋር ተኝታለች፣ በኋላ የባሏን ብር በመኪና እጥበት ቤት በኩል ሕጋዊ አስመስላለች። ግን ሰው አልገደለችም፣ ሕፃን አልመረዘችም። ባሏ ሁለቱንም አድርጓል። የጄሲ ፍቅረኛ ጄን በተኛችበት በትውከቷ ስትታፈን አጠገቧ ቆሞ አይቷል። ይሁን እንጂ የተመልካቹ ጥላቻ የዘነበው በስካይለር ላይ ነው። ተዋናይዋ አና ገን እ.ኤ.አ. በ2013 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ስለዚሁ ጻፈች። ጥላቻው ከገጸ ባሕርይዋ አልፎ ወደ እሷ ወደ ራሷ መጥቶ፣ ልግደላት የት ላግኛት ብሎ የጻፈ ሰው እስከ መኖር ደርሷል። ያንን ሳነብ ያቺ ኮሪደር ላይ የቆመች ልጅ ናት የታየችኝ።

ካሜራው ከዋልተር ጋር ይውላል። ሲያስል፣ ሲፈራ፣ ሲያፍር እናያለን። ሚስቱን የምናያት በሩን ከፍታ "የት ነበርክ?" ስትል ነው። በእሱ ሌሊት ላይ የመጣች እንቅፋት ትመስላለች። ከዚህ ላይ ሙያው አለ። ሰውየው በሥራው የተዋጣለት ነው፣ ጎበዝ ሰው ደግሞ ይማርከናል። የእኔን ገንዘብ ያዥ ጣቶች ብዙ የማስታውሰው ለዚህ ይሆናል።

የአሁን ልጆች ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ነገሩን በቲክቶክ ቁራጭ ነው የምታውቁት። "በር የማንኳኳው እኔ ነኝ" የሚለውን ንግግር ታውቁታላችሁ፤ ሙዚቃ ተደርጎበት በየቦታው ይዞራል። ለማን ነው የተናገረው? ለጠላቱ አይደለም። መኝታ ቤት ውስጥ፣ ለገዛ ሚስቱ ነው። የፈራችለት ሴት ፊት ቆሞ ነው የሚፎክረው። ቁራጩ ላይ የእሷ ፊት ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ይወጣል። ደግሞ 62 ክፍል በሁለት ሳምንት ትጨርሳላችሁ። መቼ ታስቡበታላችሁ? እንዲህ እላለሁ፤ ግን በእኛ መሥሪያ ቤት ሰው ለማሰብ ወራት ነበረው፤ የደረሰው ያው ጠብ ላይ ነው። ስለዚህ ፍጥነታችሁ ብቻ አይደለም።

ከእኛም አገር የመጣ ነገር አለ። ያደግሁት የሽፍታ ወሬ እየሰማሁ ነው። ዳግማዊ ቴዎድሮስ ራሳቸው ከሽፍትነት ተነስተው ነው በ1847 ዓ.ም. የነገሡት። ማታ አያቴ ስለ አንድ ሽፍታ ስታወራ፣ ነጋዴ አስቁሞ በቅሎውን ሲነጥቅ፣ እኛ ልጆች ከሽፍታው ጋር ነበርን። ቀረርቶውን እናውቀው ነበር። ከጎረቤት የሚመጡ አንዲት ሴት ግን ወሬው እዚያ ሲደርስ ነጠላቸውን አስተካክለው ይነሱ ነበር። አባታቸው ነጋዴ ነበሩ። በቅሎዎቻቸውን ተነጥቀው ባዶ እጃቸውን ገብተዋል። ያ ታሪክ ለእሳቸው ጨዋታ አልነበረም።

ስለዚህ የእህቴ ልጅ፣ ከጓደኛሽ ጋር ስትከራከሪ መጀመሪያ እሱ የት እንደቆመ ጠይቂው። በሱስ ወንድሙን ያጣ ሰውና ሕክምና ከፍሎ የደኸየ ሰው አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንድ ሰው አያዩም። ይህን ስል ሁሉም ትክክል ነው ማለቴ አይደለም። የእኔ ሪፖርት ላይ ያሉት ቀኖች ቀኖች ናቸው። ዋልተርም በመጨረሻው ክፍል ለሚስቱ ለራሴ ብዬ ነው ያደረግሁት፣ ወድጄው ነው ብሎ አምኗል። እሱ ካመነ በኋላ "ለቤተሰቡ ነው" የሚለውን ሰው ለመስማት ትዕግሥቴ አጭር ነው።

የሙያ ምክር ለምትጠብቁ የሒሳብ ልጆች አንድ ነገር ብቻ። ደረሰኝ ማመሳከርን ትምህርት ቤት ይነግራችኋል፤ እኔ አልደግመውም። ጉድለቱን ካሳየው ሰው ጋር ግን ምሳ ብሉ። ሰው ሁሉ እያያችሁ ብሉ።

ድራማውን እንደገና ካያችሁት ደግሞ የሁለተኛውን ሲዝን ስድስተኛ ክፍል አትዝለሉት። ዋልተር የተሰረቀውን ዕፅ አስመልስ ብሎ ጄሲን ልኮታል። ጄሲ የሱሰኞቹ ቤት ሲገባ አንድ ትንሽ ልጅ ያገኛል። ፊቱ ቆሽሿል፣ ብቻውን ቴሌቪዥን ያያል። ምግብ ይሰጠዋል፣ አብሮት ይጫወታል። እዚያው ክፍል ላይ ዋልተር ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ምግብ ቤት ተቀምጧል። ሕክምናውን ልትሸፍንለት የፈለገችውን ግሬቸንን ይሰድባታል፤ የእኔን ድካም በላችሁ ይላታል። ሁለቱም ትዕይንት በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው። ሰውየው ስለዚያ ልጅ መኖር እንኳ አያውቅም። እኔ ከልጁ ጋር ነኝ፤ አልደብቅም። ከዋልተር ጋር ምግብ ቤቱ ውስጥ የቀረ ሰው ካለ ግን ይጻፍልኝ፤ ከልቤ አነበዋለሁ።