ከግሱ ኋላ የምትመጣዋ ትንሽ ቃል

ልጆቼ፣ እንግሊዝኛ ለመልመድ ደፋ ቀና የምትሉትን እያሰብኩ ነው የምጽፍላችሁ። አሜሪካ ውስጥ 30 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። ስመጣ ሰዋስው አልቸገረኝም። የቸገረችኝ ግሱን ተከትላ የምትመጣዋ ትንሽ ቃል ናት።

በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ ሌሊት ባልደረባዬ ከላይኛው ፎቅ ደውላ ስለ አንድ አዛውንት ነገረችኝ። «ሂ ፓስድ አውት» አለች። «ፓስድ» ሲሉ ሞተ ማለታቸው እንደሆነ አውቃለሁ። «አውት» የምትለዋን ግን ጆሮዬ አልያዛትም። የሰውየው ልጅ አጠገቤ ቆማለች። ፊቴን አየችና እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ ጮኸች። አባቷ ራሳቸውን ስተው ወድቀው ነበር እንጂ አልሞቱም። ስንደርስ ነቅተው ውሃ ይጠይቃሉ። ሞት የሚሆነው «ፓስድ አወይ» ቢባል ነበር። ያ ጩኸት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

አማርኛችንም እኮ እንዲሁ ነው። «ዝም አለ»፣ «ብቅ አለ»፣ «ቁጭ አለ» ስንል የተናገረ ሰው የለም። ግሱ ያው «አለ» ነው፤ ፍቺውን የምትሸከመው ከፊቱ ያለችው ቃል ናት። እንግሊዝኛ ደግሞ ከኋላ ያደርጋታል። «ጊቭ አፕ» ተስፋ መቁረጥ፣ «ጊቭ ኢን» መሸነፍ፣ «ጊቭ አወይ» በነጻ መስጠት ነው። ስለዚህ ግሱን ብቻ ሰምታችሁ አትቸኩሉ። አንዳንዴ መሃል ላይ ሌላ ነገር ይገባና ቃሏ ዘግይታ ትመጣለች፤ «ተርን ዘ ላይት ኦፍ» (መብራቱን አጥፋ) እንደሚሉት።

ትምህርት ቤት የተማርነው «ቮሚት» (ማስመለስ) እና «ፖስትፖን» (ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ) ነው። እ.ኤ.አ. በ1066 ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ከፈረንሳይኛና ከላቲን የገቡት ብዙዎቹ ቃላት የመጽሐፍና የቢሮ ሆነው ቀሩ። ቤት ውስጥና መንገድ ላይ ግን ለዚያው ነገር የሚባለው «ስሮው አፕ» እና «ፑት ኦፍ» ነው። በሽተኛም ሕመሙን የሚነግራችሁ በቤቱ ቋንቋ ነው።

በ«ጌት» የሚጀምሩትን 50 ሐረጎች ደርድሮ መሸምደድ አይጠቅምም። ሞክሬዋለሁ፤ በሳምንቱ ሁሉም ይምታታል። በኋላ ኪሴ ውስጥ ትንሽ ደብተር ያዝኩ። የሰማሁትን ዓረፍተ ነገር ሙሉውን፣ ማን ለማን እንዳለው፣ ምን ተፈጥሮ እንደነበር ጻፍኩበት። «ስሮው አፕ» የሚለው ገጽ ላይ ሌሊቱን ሁለቴ ያስመለሰው ልጅና የነገረችኝ እናቱ አሉ።

ያልገባኝንም ራሴን ነቅንቄ አላልፍም። በሌላ ቃል መልሼ እጠይቃለሁ፤ «ዩ ሚን ሂ ፌይንትድ?» (ራሱን ሳተ ማለትሽ ነው?) እላለሁ። አምስት ሰከንድ አይፈጅም። በዚህ የተቆጣኝ ሰው የለም።