ለኩሽና ቴሌቪዥን የትኛው ርካሽ ቦክስ ይሻላል? ለእህታችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ውድ እህታችን፣ ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። ኩሽናዎ ውስጥ የቆየ 24 ኢንች ቴሌቪዥን እንዳለዎት፣ ከ30 ዶላር ባልበለጠ ወጪ ዩቲዩብና አልፎ አልፎ ኔትፍሊክስ እንዲያሳይ ለማድረግ እንዳሰቡ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙበትም እንግሊዝኛ የማያውቁት እናትዎ እንደሆኑ ገልጸዋል። ጎረቤትዎ «አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ሁሉን በነጻ የሚያሳይ» ቦክስ፣ ማለትም ከቴሌቪዥን ጋር ተገናኝቶ የኢንተርኔት ቪዲዮ የሚያሳይ መሣሪያ፣ እንዲገዙ እንደመከሩዎትም ጽፈዋል። እኔም እንደ እርስዎ ሜሪላንድ ነዋሪ ነኝ፤ ባለፉት ዓመታት በኩሽናችን ሦስት ቦክሶች ተፈራርቀዋል፤ ከሦስቱ ሁለቱን የገዛሁት በስሕተት ስለነበር ያ ስሕተት ለእርስዎ ቢጠቅም ደስ ይለኛል።

በቅድሚያ ስለ ምስል ጥራት ብዙ አይጨነቁ። 24 ኢንች ቴሌቪዥን ወርዱ 53 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ 1080 መስመር ያለው ሙሉ ኤችዲ ቢሆን እንኳ እያንዳንዱ ነጥብ ከሦስት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ ጤነኛ ዓይን ደግሞ ከ1 ሜትር በላይ ርቆ ከዚህ ያነሰውን ለይቶ ማየት አይችልም። ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው ቴሌቪዥኑን የሚያየው ከሁለትና ከሦስት ሜትር ርቀት፣ ያውም እንባ ባቀረረ ዓይን ስለሆነ፣ 4ኬ (ከሙሉ ኤችዲ የላቀ የምስል ጥራት) የሚለው ጽሑፍ ለእርስዎ ምንም ትርጉም የለውም። እንደዚያም ሆኖ በመጨረሻ የምመክርዎት ቦክስ 4ኬ የሚል ጽሑፍ ያለበት ነው፤ ምክንያቱ ግን ምስሉ ሳይሆን ዋይፋዩ ነው።

ይህን የተማርኩት በአንድ የፋሲካ ዋዜማ ነው። መጀመሪያ የገዛሁት ቦክስ በዚያን ጊዜ ከመደርደሪያው ሁሉ ርካሹ ነበር። ባለቤቴ ከቀትር ጀምራ ቁሌቱን ጥዳ ከአገር ቤት በቀጥታ የሚተላለፈውን ሥርዓተ ቅዳሴ በዩቲዩብ እየተከታተለች ሳለ ምስሉ ይቆማል፤ ያቺ ክብ ምልክት ትሽከረከራለች፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ይመለስና እንደገና ይቆማል። ጥፋቱን በኢንተርኔት አቅራቢው ላይ ጥዬ በማግስቱ ደወልኩ፤ ቴክኒሻን መጣ፤ ራውተሩ ተቀየረ፤ ምንም የተለወጠ ነገር ግን አልነበረም። እውነቱን ያገኘችው የዘጠኝ ዓመት ልጄ ናት፦ «አባዬ፣ የሚቆመው እኮ ማይክሮዌቩ ሲሠራ ነው» አለችኝ። ለካስ የትንሹን ልጅ ወተት ባሞቅን ቁጥር ቅዳሴውን ስናቋርጥ ኖረናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማይክሮዌቭ ምድጃ ምግብ የሚያሞቅበት ሞገድ 2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው፤ ከሁለቱ የተለመዱ የዋይፋይ መስመሮች አንዱም የሚሠራው በዚያው በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ነው። ከምድጃው በር ዳርና ዳር የሚያመልጠው ጨረር ሰውን ለመጉዳት የማይበቃ ኢምንት ቢሆንም፣ የዋይፋይ ምልክት ከዚያም እጅግ የደከመ በመሆኑ አጠገቡ ያለ መሣሪያ ለመደንቆር ይበቃዋል። ሁለተኛው የ5 ጊጋኸርዝ መስመር ከዚህ ችግር ነጻ ነው። ይሁንና በዝቅተኛ ዋጋ ከሚሸጡት ቦክሶች መካከል 2.4ን ብቻ የሚቀበሉ አሉ፤ ለመኝታ ቤት ሊበቁ ይችላሉ፤ ለኩሽና ግን አይሆኑም። ስለዚህ ካርቶኑን አገላብጠው «ዱዋል ባንድ» የሚል ወይም 5 ጊጋኸርዝን የሚጠቅስ ጽሑፍ ካላገኙበት፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢያጓጓዎ መልሰው ያስቀምጡት።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። 5 ጊጋኸርዝ ግድግዳን የማለፍ አቅሙ ከ2.4 ያነሰ ነው፤ ፍሪጅና የብረት ምድጃ ደግሞ ለማንኛውም ሞገድ እንደ ጋሻ ናቸው። የእኛ ራውተር ምድር ቤት ስለነበር አዲሱ ቦክስ እንደተገዛ በ5ቱ መስመር ላይ ምልክቱ ደከመብን፤ ራውተሩን ወደ መተላለፊያው አውጥቼ ከመጽሐፍ መደርደሪያው አናት ላይ ሳስቀምጠው ግን እስከ ዛሬ አላስቸገረንም። ራውተርዎ ለሁለቱ መስመሮች የተለያየ ስም የሚሰጥ ከሆነ ቦክሱን ከ5ቱ ጋር ብቻ ያገናኙት፤ ሁለቱንም ካስመዘገቡት ሳያውቁት ወደ 2.4 ሊመለስ ይችላል።

ሁለተኛው ስሕተቴ የኤሌክትሪክ ነበር። ብዙዎቹ ስቲኮች (ቴሌቪዥኑ ላይ በቀጥታ የሚሰኩ ትንንሽ ቦክሶች) ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ካለው የዩኤስቢ ቀዳዳ ኃይል መውሰድ ስለሚችሉ ሽቦ ለመቀነስ ብዬ እንደዚያው አድርጌ ሰካሁት። የቆየ ቴሌቪዥን ባለው ተራ ዩኤስቢ የሚወጣው ግማሽ አምፔር ነው፤ ስቲኩ የሚፈልገው ግን ብዙውን ጊዜ 1 አምፔር ነው። ውጤቱ በየግማሽ ሰዓቱ ጠፍቶ የሚነሣ መሣሪያ ሆነ፤ እኔም ተበላሽቷል ብዬ ወደ መጣሉ ደርሼ ነበር። ከካርቶኑ ውስጥ የሚወጣውን አዳፕተር ይጠቀሙ፤ ሶኬት ከሌለም መጀመሪያ ሶኬቱን ያስቡበት።

ስለ እንፋሎትና ቅባት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግዎትም፤ ምጣድ በሚጣድበትና ወጥ በሚቁላላበት ቤት ከአንድ ዓመት በኋላ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የሚገኘው አቧራ ሳይሆን ቅባት የጠጣ ሙጫ ነው። በቀጥታ ኤችዲኤምአይ በሚባለው የምስልና የድምፅ ቀዳዳ ላይ ከሚሰካው ስቲክ ይልቅ በአጭር ገመድ የሚገናኘውን ትንሽ ቦክስ የምመርጠው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው፤ ከምድጃው ራቅ አድርገው በሁለት በኩል በሚያጣብቅ ፕላስተር ግድግዳው ላይ ሊለጥፉት ይችላሉ፤ ሙቀትም ይቀንስለታል፤ ምልክትም በተሻለ ይቀበላል።

ዋናው ጉዳይ ግን ሪሞቱ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የእናትዎ ነገር የሚወሰነው በእርሱ ነው። ኩሽና ውስጥ ያለ ሰው እጁ ሊጥ ነው፣ ቅቤ ነው፣ በርበሬ ነው። ስለዚህ ሪሞቱ የቴሌቪዥኑን ድምፅ የሚጨምርና የሚቀንስ፣ የሚያበራና የሚያጠፋ ቁልፍ እንዲኖረው፣ ዩቲዩብም በአንድ ቁልፍ እንዲከፈት ያስፈልጋል። የአማዞኑ ፋየር ቲቪ ስቲክ ላይት ለምሳሌ በ2020 ሲወጣ የድምፅና የማብሪያ ቁልፍ አልነበረውም፤ አሁንም በሁለተኛ እጅ ገበያ ስለሚዞር ይጠንቀቁ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ገብተው ኤችዲኤምአይ ሲኢሲ የሚባለውን ማስተካከያ ያብሩት፤ ሳምሰንግ አኒኔት ፕላስ፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ደግሞ ብራቪያ ሲንክ ይሉታል። ይህ ከበራ በኋላ የቦክሱ ቁልፍ ሲነካ ቴሌቪዥኑም አብሮ ይነሣል፤ እናትዎም ሁለተኛ ሪሞት ፍለጋ አይንከራተቱም።

በድምፅ መፈለግ የሚለውን ማስታወቂያ ለእናትዎ ብለው አይግዙበት። በቤታችን የሞከርናቸው ሦስቱም አማርኛ አልተረዱልንም፤ አማቴ «ኧረ ቅዳሴ አምጣልኝ» እያሉ ሲማጸኑት የእንግሊዝኛ ዘፈን እየከፈተ አስቆን ነበር። የተሻለው መንገድ ከስልክ መላክ ነው፦ በስልክዎ ዩቲዩብ ውስጥ በአማርኛ ፊደል ጽፈው የሚፈልጉትን ካገኙ በኋላ የቴሌቪዥን ቅርጽ ያላትን ምልክት ሲነኩ ቪዲዮው ቴሌቪዥኑ ላይ ይከፈታል። እኔ ሥራ ቦታ ከመሄዴ በፊት አማቴ የሚወዷቸውን የኢቢኤስና የቃና ገጾች ተመዝጋቢ አድርጌላቸዋለሁ፤ አሁን በአራት ጊዜ መጫን የሚፈልጉት ላይ ይደርሳሉ።

አሁን ጎረቤትዎ ወዳሉት ቦክስ ልምጣ። ለጎረቤትዎ አክብሮት እንዳለኝ ሆኖ፣ ይህን በጭራሽ አይግዙ። በጉግል ያልተረጋገጡ፣ አንድሮይድ የተጫነባቸው ስም የለሽ ቦክሶች ከነተንኮል ሶፍትዌራቸው ከፋብሪካ የሚወጡበት ጊዜ አለ፤ ቲ95 ተብሎ በሚሸጥ ቦክስ ላይ እንዲህ ያለ ነገር መገኘቱ በ2023 መጀመሪያ ላይ ተገልጿል። በሰኔ 2025 ደግሞ ኤፍቢአይ ባድቦክስ 2.0 ስለተባለው የተጠለፉ መሣሪያዎች መረብ ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ በቀጣዩ ወር ጉግል ባቀረበው ክስ የተጠቁት መሣሪያዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ እንደሆኑ ገልጿል። ቦክሱ ቅዳሜና እሑድ ፊልም እያሳየዎት በጎን የእርስዎን ኢንተርኔት ለሌቦች መሸሸጊያ ያከራያል ማለት ነው። ምልክቶቹም የታወቁ ናቸው፦ «ሁሉም በነጻ» የሚል ማስታወቂያ፣ ፕሌይ ፕሮቴክት የተባለውን የጉግል የመተግበሪያ ጥበቃ አጥፉ የሚል መመሪያ፣ የማይታወቅ የመተግበሪያ ገበያ። ይህ ሁሉ ባይኖር እንኳ የኔትፍሊክስን ፈቃድ ያላገኘ ቦክስ ኔትፍሊክስን ጨርሶ አይከፍትም፣ ወይም በደበዘዘ ምስል ያሳያል።

ወደ ምርጫው ስመጣ፣ ለእርስዎ የሚስማማው ዎልማርት የሚሸጠው ኦን የተባለው የጉግል ቲቪ 4ኬ ቦክስ ነው። በ2023 የወጣው ሞዴል ሲወጣ ዋጋው 20 ዶላር ገደማ ነበር፤ 2 ጊጋባይት ራም፣ 8 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ሁለቱንም የዋይፋይ መስመሮችና የዩቲዩብ ቁልፍ ያለው ሪሞት አለው። ማከማቻው ጠባብ ስለሆነ የማይጠቀሙባቸውን መተግበሪያዎች ያጥፏቸው። በ2025 የወጣው ፕላስ የተባለው 16 ጊጋባይት ማከማቻ ቢኖረውም ሲወጣ ዋጋው 30 ዶላር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ስለሆነ፣ የግዛታችን 6 በመቶ የሽያጭ ግብር ሲጨመርበት ከበጀትዎ ትንሽ ያልፋል፤ ለዩቲዩብና ለኔትፍሊክስ ብቻ ከሆነ የመጀመሪያው ይበቃል። መነሻ ገጹን የሚሞላው የፊልም ማስታወቂያ እናትዎን እንዳያደናግር፣ ማስተካከያው ውስጥ «መተግበሪያዎች ብቻ» የሚለውን ምርጫ ያብሩት።

ሮኩ የተባለውን ሌላ ቦክስ የሚያወድሱ ይኖራሉ፤ እኔም በገጹ ቅለት እስማማለሁ፤ ለአረጋውያን ከሁሉም የቀለለው እርሱ ነው። ከእርሱ ከመረጡ 5 ጊጋኸርዝ የሚቀበለውን ሞዴል ይምረጡ፤ አካውንት ሲከፍቱም መጠየቂያ ስልክ ኢንተርኔት ላይ አይፈልጉ። ሮኩ መሣሪያውን ለማስጀመር ምንም ክፍያ አይጠይቅም፤ አንዲት ዘመዳችን ግን ፍለጋ ላይ ባገኘችው ቁጥር ደውላ «የማስጀመሪያ» ተብላ 90 ዶላር ልትከፍል ስትል ነው ልጇ የደረሰባት። ክሮምካስት የተባለው የጉግል መሣሪያም ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ማምረቱ በነሐሴ 2024 ስለቆመ አሁን ያገለገለውን ፍለጋ መድከሙ አይታየኝም።

ቦክሱን እንደገዙ ደረሰኙን አይጣሉት። ኩሽናው ውስጥ ሰክተው አንድ ረዘም ያለ ቪዲዮ ይክፈቱ፤ ከዚያ በኩባያ ውኃ ማይክሮዌቩ ውስጥ አስገብተው ለሁለት ደቂቃ ያሙቁ፤ ጭስ ሳቢውንም ያብሩና ድምፁ ከምድጃው አጠገብ ይሰማ እንደሆነ ያዳምጡ። ምስሉ ከቆመ መጀመሪያ የዋይፋዩን መስመር ይመልከቱ፤ በ5 ላይ ሆኖም ከቆመ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ ይመልሱት።